የዱቤ ቀጠሮ ሲያጥርና ሲረዝም

አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ የሸቀጥ ሱቅ ከከፈትኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመበት የሚሞላ ጠባብ ቤት ነው፤ ደንበኞቼም የባጃጅ ሹፌሮች፣ በጅቡቲ መስመር የሚሠሩ የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶቻቸው፣ አስተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞችና ጡረተኞች ናቸው። ስለ ፖለቲካ የተለየ እውቀት የለኝም። ነገር ግን በእነዚህ ዓመታት የአገሩ ሰው ስሜት ሲለዋወጥ፣ ለውጡ በዜና ከመነገሩ በፊት በባንኮኒዬ ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ አንዳንዴ አይቼ ተጠንቅቄበታለሁ፣ አንዳንዴም አይቼ እንዳላየ በማለፌ ከባድ ኪሳራ ደርሶብኛል። በትንሽ ንግድ ለሚተዳደሩና በማግሥቱ መንገድ ይከፈት አይከፈት ሳያውቁ ዕቃ ለማዘዝ ለሚገደዱ ሰዎች ልምዴ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እጽፈዋለሁ።

እኔ የማነበው የዱቤ ደብተሬን ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ገዝቼ እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ አራት ቦታ እከፍለዋለሁ፤ ስም፣ የተወሰደው ዕቃ፣ ብሩ፣ በመጨረሻም ቀጠሮው። ቀጠሮውን እኔ አልወስንም፤ ደንበኛው በራሱ አፍ የሚናገረውን እንዳለ እጽፋለሁ። «ለቅዳሜ»፣ «ደሞዝ ሲወጣ»፣ «ዕቁቤ ሲደርሰኝ»፣ «ለፋሲካ»፣ «ልጄ ስትመረቅ» የሚሉ ቃላት በዚያ በቀኝ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ለብዙ ዓመታት ይህን ጠርዝ የማየው ገንዘቤ መቼ እንደሚመለስ ለማወቅ ብቻ ነበር። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይመካከሩ ቀጠሯቸውን በአንድ ሰሞን የሚያሳጥሩበትና በሌላ ሰሞን የሚያስረዝሙበት ጊዜ እንዳለ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ሱቁን በከፈትኩ ሰሞን ያየሁት ለውጥ ምክንያቱ ግልጽ ስለነበር ምንም አላስተማረኝም። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ተዛውሮ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ ሲሄድ ደሞዝተኛው አብሮ ሄደ፣ የቤት ኪራይ ቀነሰ፣ ደብተሬም ሳሳ። ይህ የቢሮ መዛወር ያመጣው የገበያ ነገር ነው። እኔ የማወራው ግን ቢሮውም ደሞዙም ባለበት ሆኖ ሰው ብቻ ሲለወጥ ስለሚታየው ነገር ነው።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. እሑድ ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል የደረሰውን እልቂት የእኛ ሰፈር ሰው የሰማው ከዘመድ በተደወለ ስልክ ነበር። ቢሾፍቱ ለአዳማ ቅርብ ስለሆነ ወደ በዓሉ ሰው ያልሄደበት መንደር አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ለአምስት ዓመት ደንበኛዬ የነበረ የተሳቢ ሹፌር ወደ ሱቁ ገባ። በገጹ ላይ 1,840 ብር ነበረበት፤ የቀጠረው ደግሞ ለኅዳር ሚካኤል ነበር። ብሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረና «እትዬ፣ ይቁጠሩትና ስሜን ያጥፉልኝ» አለኝ።

«ቀጠሮህ መች ደረሰ? ለምን ትቸኩላለህ?» አልኩት።

«ዕዳ ይዤ መንገድ መውጣት አልፈልግም። አንድ ነገር ብሆን ባለቤቴን ማንም እንዳይጠይቅብኝ።»

እንደ ልማዴ በስሙ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። እሱ ግን አልሄደም፤ አጎንብሶ ደብተሩን አየና ስሙ ጭራሽ እንዳይነበብ ደጋግሜ እንድሰርዘው ለመነኝ። እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪወጋው ድረስ አጠቆርኩት። በዚያው ሳምንት ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ቀጠሯቸው ሳይደርስ መጥተው ከፈሉ። እውነቱን ለመናገር በገንዘቡ መሰብሰብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ማታ ለእህቴ ስልክ ደውዬ ዘንድሮ ሰው ታማኝ ሆኗል ብያት ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያን ጊዜ ደብተሩን ከፍቼ የተሰረዙትን ስሞች ስቆጥር፣ ሰው ገንዘብ ተርፎት ሳይሆን ነገን ስላላመነው ብቻ ዕዳውን ሊጨርስ እንደሚችል ገባኝ። ዕዳ በሰው መካከል የሚኖረው «ነገም እንገናኛለን» በሚል እምነት ላይ ቆሞ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከዕዳ መውጣት ሲፈልግ ያ እምነት እየላላ ነው ማለት ነው።

አዋጁ አሥር ወር ቆየ፤ የተነሣው ሐምሌ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። በእነዚያ ወራት የቀጠሮው ጠርዝ ላይ የተጻፈው በአብዛኛው «ለነገ» እና «ለእሑድ» ነው። ከውጭ አገር የሚተላለፉትን የኢሳትንና የኦኤምኤንን ቴሌቪዥኖች መከታተል በመከልከሉ የሳሕን (የሳተላይት ዲሽ) ሠራተኛው ደንበኛዬ ሥራው ተገለባበጠ፤ ቀድሞ ሳሕን እንዲያዞርላቸው የሚለምኑት ሰዎች አሁን ወደ ቀድሞው አቅጣጫ እንዲመልስላቸው በመሸ ሰዓት ይጠሩት ጀመር። የሱቅ ወሬም ተቆራረጠ። ሁለት ሰዎች ስለ ጤፍ ዋጋ እንኳ እያወሩ ሦስተኛ ሰው ከገባ ዝም ይላሉ፣ አንዱ ክብሪት ይጠይቀኛል፣ ሌላው ይወጣል። ይህን ዝምታ ብዙ ሰው እንደ ሰላም ቆጥሮት ነበር፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ሰላምና ዝምታ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ እኔን የለየልኝ ቀጠሮው ነው። ሰላም ያለበት ሰው ለፋሲካ ይቀጥራል፤ ዝም ያለ ሰው ለእሑድ ይቀጥራል።

እዚህ ላይ ለአንባቢ በጥብቅ ላሳስብ የምፈልገው ነገር አለ። በዚያው ሰሞን የማላውቀው ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ደንበኞቼ ስለምን እንደሚያወሩ ጠይቆኛል። ሰው ስኳር ጠፋ ይላል አልኩት፤ እውነትም ሰው የሚለው ያንን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በደብተሬ ላይ ማን ምን እንደተናገረ፣ ማን ምን እንደተመለከተ፣ ማን በየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያሳይ አንዲት ቃል ጽፌ አላውቅም። የምጽፈው የንግዴን ጉዳይ፣ ብሩንና ቀኑን ብቻ ነው። የአካባቢን ስሜት ማስተዋል ጎረቤትን ወደ መሰለል እንዳይለወጥ ይህ ድንበር የግድ ያስፈልጋል፤ የምታስተውሉትን የምትመዘግቡ ከሆነ ደብተሩ በማንም እጅ ቢወድቅ ማንንም የማይጎዳ መሆን አለበት።

ስሜቱ መዞር መጀመሩን ያየሁት ግን በዚያው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አዋጁ ሳይነሣ ነው፤ ያመጣውም የቀን ገቢ ግምት ነበር። ያኔ ደረጃ ሐ የሚባለው አነስተኛ ግብር ከፋይ ስለነበርኩ ግብሬን የምከፍለው ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ገማቾች መጥተው በቀን ይህን ያህል ትሸጪያለሽ ብለው የጻፉልኝ ቁጥር ሱቄ በፋሲካ ዋዜማ እንኳ አይቶት የማያውቀው ነበር። በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ነጋዴው ሱቁን የዘጋበት ሰሞን ነው። እኔን ያስገረመኝ ቁጣው አልነበረም፤ ነጋዴ በግብር ሁልጊዜም ይቆጣል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለሱቅ፣ ደንበኛ ተሻሚዬ ስለሆነች ለዓመታት ከሰላምታ ያላለፍን ሰዎች ስንሆን፣ የግምት ወረቀቷን ይዛ መጣችና ባንኮኒዬ ላይ ከእኔ ወረቀት ጎን ዘረጋችው። «ስንት አሉሽ? እኔን ይኸው» አለች፣ ድምፅዋንም አልቀነሰችም። በዚያን ሰዓት ሁለት ደንበኞች ሱቁ ውስጥ ቆመው ነበር። በማግሥቱ ሻይ ቤቱ፣ ፀጉር አስተካካዩና ወፍጮ ቤቱ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። አሥር ወር ሙሉ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የፈራውን ነገር ወረቀት ለወረቀት አስተያይቶ የጋራ መሆኑን ሲያውቅ ፍርሃቱ ከላዩ ላይ ሲቀል በዓይኔ አየሁ። ከሁሉም ምልክት አብልጬ የምይዘው ይህንን ነው፤ ሰው ቅሬታውን በቁጥር፣ በስሙና በማንም ፊት መናገር ሲጀምር አንድ ነገር ተለውጧል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር ከዶላር አንጻር 15 በመቶ ተቀነሰና የዘይትና የሳሙና ዋጋ በሳምንት ውስጥ ተለወጠ። ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ሰዎች ከመጡባቸው ከተሞች አንዷ አዳማ ነበረችና፣ የሰፈሩ እድር ብርድ ልብስና ምግብ ሰበሰበ። ይህ ሁሉ ሰውን የሚያስከፋ ነው፤ የጠበቅሁት ቀጠሮ ይበልጥ እንዲያጥር ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያው ወር የኦሮሞ ወጣቶች የእምቦጭ አረምን ለመንቀል ወደ ጣና ሲሄዱ፣ በወሩ መጨረሻም የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ ባሕር ዳር ሄደው ሲናገሩ፣ ሱቄ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ሰው ቆሞ ያየ ጀመር። ዕቃ ገዝቶ የጨረሰው አይወጣም። የሳሕን ሠራተኛው ቴሌቪዥኑን ለማስተካከል ብሎ ገብቶ አንድ ሰዓት ቆየ። ኅዳር ላይ በደብተሬ ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጀመሪያውን «ለገና» ጻፍኩ።

ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የፖለቲካ እስረኞች እንደሚፈቱና ማዕከላዊ የሚባለው የአዲስ አበባው የምርመራ እስር ቤት እንደሚዘጋ ተናገሩ። በዚያ ሳምንት የሆነውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ነዋሪውን በአምስት በአምስት ለሚያደራጀው ለአንድ ለአምስት ስብሰባና ለመዋጮ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ስም የሚጠራ አንድ የቀበሌ ሰው ነበር። ሲገባ ወሬ የሚቋረጠው በእሱ ምክንያት ነው። ያን ቀን ገባ፣ ወሬው አልተቋረጠም፣ እሱም የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ምን ይባላል? እርስዎ ጋ ሰው ይመጣል፤ ምን ሰሙ?» አለኝ። ለዓመታት ወሬ ይዞ የሚመጣውም ወሬ የሚወስደውም እሱ ነበር። አሁን ግን የሚጠይቀው ለሪፖርት ሳይሆን ለራሱ ነበር፤ ልጆች ያሉት፣ ነገ ሥራው ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው ፊት ነበረው። አዘንኩለት፤ ሻይ አስመጣሁለት። በበላይነት የቆመ ሰው ከተራው ሰው ተስፋ ወይም ዜና መጠየቅ ሲጀምር ነገሩ ከላይም እየተንቀሳቀሰ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ ነው። የካቲት 8 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አሳወቁ፤ በማግሥቱ ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሚገርመው በዚህኛው አዋጅ ቀጠሮ አላጠረም። በወረቀት ላይ እንደ መጀመሪያው ነው፤ ሰው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሚያዝያ ላይ ያ የተሳቢ ሹፌር መጣ። ዘይት፣ ዱቄትና ስኳር በብዛት ወሰደና ገጹን እንዳወጣለት ጠየቀኝ። አዲስ ገጽ ልክፈትልህ ብለው እምቢ አለ፤ ከዚያው ከጠቆረው ስሙ ሥር እንድጽፈው ፈለገ። ቀጠሮውን ስጠይቀው «ለጥምቀት» አለ፤ ዘጠኝ ወር ማለት ነው። በዚያ ወር ከተጻፉት ቀጠሮዎች ብዙዎቹ ከመስከረም ወዲያ ያሉ ነበሩ። እንዲህ ያለ ጊዜ በነጋዴ ዕድሜ ስንት ጊዜ ይመጣል? ገንዘቤ ሰው ጋ ተበትኖ ሳለ እንደዚያ ቀልሎኝ አላውቅም።

ማንም ሰው ይህን አንብቦ ባጠረ ቀጠሮ ሁሉ እንዳይደነግጥ፣ የተሳሳትኩባቸውንም መናገር አለብኝ። በዐቢይ ጾም ቅቤና እንቁላል አይወሰድም፣ ደብተሩም ይሳሳል፤ ይህ ጾም ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ የልጆች መመዝገቢያና ደብተር ገንዘቡን ስለሚወስደው ቀጠሮ ያጥራል ወይም ይጠፋል። በክረምት የቀን ሠራተኛው ሥራ ስለሚፈታ «ለነገ» ይበዛል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ ሁሉ ወደ ቀናት ወረደ፤ ያም በሽታ እንጂ ፖለቲካ አልነበረም። ስለዚህ ደብተሮቼን አልጥልም። አንድ ወር እንግዳ ሲሆንብኝ ካለፉት ዓመታት ደብተሮች ያንኑ ወር አውጥቼ ጎን ለጎን አያለሁ፤ ካለፉት ዓመታት የማይመሳሰል ሆኖ ካገኘሁት፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሌላ ሁለት ነገር ከደብተሩ ውጭ ከተስማማበት ብቻ ነው የማምነው። ከደብተሩ ውጭ የማየው በተለይ መንገድ ላይ የሚውሉ ሰዎችን ነው፤ የባጃጅ ሹፌር ከስንት ሰዓት በኋላ ወደ ዳር ሰፈሮች እንደማይሄድ፣ የከባድ መኪና ሹፌር የት እንደሚያድር፣ ረዳቱ ቤተሰቡን ወዴት እንደላከ። እነሱ የሚያውቁትን ጋዜጠኛ በሳምንቱ ነው የሚሰማው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ራሴን አታለልኩ። ቀጠሮው አጥሮ ነበር። የአምናውንና የካቻምናውን መስከረም አውጥቼ አስተያየሁት፤ ከትምህርት ቤት ወጪ በላይ ነበር። ባጃጆች ከመሸ በኋላ ሩቅ አንሄድም ይሉ ጀመር። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያየሁት ነገር ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። አዳማ ሰው ሲሳለም ቋንቋ አይለይም፤ «አካም ጅርቱ፣ ደኅና ናችሁ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ይጨርሰዋል፤ እኔም እንዲሁ እያልኩ ነው ያደግሁት። በዚያ ድንኳን ውስጥ ግን የሚገባው ሰው አንድ አፍታ ቆም ይላል፣ የተቀመጡትን ፊት ያያል፣ ከዚያ ከሁለቱ ሰላምታዎች አንዱን መርጦ ይናገራል። ያ ቆም ማለት ትንፋሽ አንድ ጊዜ ለመሳብ እንኳ የማይበቃ ነው። አየሁት፣ ልቤ ደነገጠ፣ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም። የ2010 ዓ.ም. ሚያዝያን በጣም ስለወደድኩት እንዲያልፍ አልፈለግሁም። እንዲያውም ከጅምላ አከፋፋይ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ዘይትና ዱቄት በዱቤ አስመጣሁ።

ጥቅምት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. በኦሮሚያ ከተሞች ረብሻ ሲነሣ አዳማ የሰው ሕይወት ከጠፋባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። ሰፈራችን ሌሊቱን ነቅቶ አደረ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለሱቅ ከሦስት ልጆችዋ ጋር እኔ ጋ ነበረች። ሰው በሞተበት ቀን ስለ ዘይት ማውራት ይከብደኛል፤ ግን ለነጋዴ የምጽፍ ስለሆነ የደረሰብኝን ልናገር። ሱቁ ተዘግቶ ሰነበተ፣ ሲከፈትም ገዢ አልነበረም፣ የአከፋፋዩ ቀጠሮ ግን አልጠበቀኝም፤ ዕዳውን ለመጨረስ የልጄን የኮሌጅ ክፍያ ብዬ ያስቀመጥኩትን አወጣሁ። ልጄ ትምህርቷን የጀመረችው አንድ ዓመት ዘግይታ ነው። ምልክት አጥቼ አይደለም፤ ያየሁትን ለመቀበል ስላልፈለግሁ ነው።

ደግሞም ደብተር የማይናገረው ነገር አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ያንን ቀን ማንም የዱቤ ገጽ አስቀድሞ ሊያሳየኝ አይችልም ነበር። እኔ የማየው ሰው ነገን ምን ያህል እንደሚያምነው ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያደርገውን ግን አላይም። ስለዚህ ምልክት ባየሁ ጊዜ የማደርገው ትንሽ ነገር ነው። ከአከፋፋይ በዱቤ አላመጣም፤ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ዕቃ በእጅ በእጅ እገዛለሁ። የቤቴን ዱቄት፣ መድኃኒትና ጥሬ ብር ለሁለት ሳምንት አዘጋጃለሁ። ልጄ ሌላ ከተማ ከሆነች እንድትደውልልኝ ሰዓት እንቀጥራለን። ከመንገዱ ማዶ ካለችው ባለሱቅ ጋር ስለ ምልክቱ እነጋገራለሁ፤ እስዋም የራስዋን ደብተር ይዛ ትመጣለች፣ ብዙ ጊዜ እኔ ያላየሁትን አይታለች። ለደንበኛ ግን ዱቤ አልከለክልም፤ መጠኑን እቀንሳለሁ እንጂ በሩን አልዘጋም፤ ነጋዴ ሁሉ በአንድ ቀን «ዱቤ የለም» ብሎ ሲለጥፍ ፍርሃቱን ራሱ እንደሚያባዛው አይቻለሁና።

ቅዳሜ ማታ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት የሳምንቱን ቀጠሮዎች እቆጥራለሁ፤ ስንቱ በሳምንት ውስጥ፣ ስንቱ በወር ውስጥ፣ ስንቱ ከዚያ ወዲያ እንደሆነ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሦስት ቁጥር እጽፋለሁ። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሹፌሩ አሁንም ደንበኛዬ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከጅቡቲ ድንበር ከጋላፊ ሲመለስ ጎራ ብሎ ሁለት ሊትር ዘይትና ለልጁ ብስኩት ወሰደ። «ለመቼ ልበልህ?» አልኩት። በር ላይ ቆሞ ትንሽ አሰበና «ለደሞዝ ይበሉት» አለ፤ ጻፍኩት።